ደመወዟን ያልተቀበለችው ወታደር፦ የሐሪየት ታብማን ሕይወት በጦርነትና ከጦርነት በኋላ



ከመካከላችን በሰው ቤት ዓመታት ሠርታ፣ ደመወዟ ሲቀርባት ግን ውል አሳዪ፣ ምስክር አምጪ የተባለች እህት አትጠፋም። አንዳንዶቻችን በዓረብ አገር፣ አንዳንዶቻችን እዚሁ አሜሪካ አረጋውያንን ስንጦር፣ ሕፃናትን ስናሳድግ፣ ሆቴል ስናጸዳ ደርሶብናል። ሥራው ተሠርቷል፤ ወረቀቱ ግን የለም። ወረቀት ከሌለ ደግሞ ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ታሪክ ይኸው የደረሰባት የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሐሪየት ታብማን ትባላለች። ብዙዎቻችን በምንኖርባት በሜሪላንድ ግዛት ተወልዳ ያደገች ናት፤ ልጆቻችንም በትምህርት ቤት ስለ እሷ ይማራሉ። ልጆቻችን በብዛት የሚማሩት ባሪያዎችን ነጻ ስለማውጣቷ ነው። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ወታደርነቷና ከጦርነቱ በኋላ ስለኖረችው የ48 ዓመት ሕይወት ነው። ለእኛ ዓይነት ማኅበር ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ዘመኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከጦርነቱ በፊት

ሐሪየት በ1822 ገደማ በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በዶርቼስተር ወረዳ ተወለደች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አራሚንታ ነበር፤ ሐሪየት የእናቷ ስም ነው። አባቷም እናቷም ባሪያዎች ስለነበሩ እሷም ስትወለድ ጀምሮ የሰው ንብረት ሆነች። ሦስት እኅቶቿ ተሸጠው ወደ ደቡብ ሲወሰዱ በልጅነቷ አይታለች። ገና ልጅ ሳለች ለሌሎች ቤተሰቦች እየተከራየች ሕፃን አዝላለች፣ ቤት ጠርጋለች፣ ተገርፋለች።

በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ አንድ የባሪያ ተቆጣጣሪ ሊያመልጥ በሞከረ ልጅ ላይ የወረወረው የብረት ሚዛን እሷን አናቷ ላይ መታት። ከሞት ተረፈች፤ ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ራስ ምታትና ድንገት የሚጥል እንቅልፍ አልተለያትም። ወሬ መሐል፣ ሥራ መሐል ትተኛና ጥቂት ቆይታ ትነቃ ነበር። ከዚህ በኋላ የሠራችውን ሁሉ የሠራችው ከዚህ ሕመም ጋር እየኖረች ነው።

በ1849 ወደ ፊላደልፊያ አመለጠች። ነጻ ከወጣች በኋላ ግን ብቻዋን መኖር አልሆነላትም። በሰው ቤትና በሆቴል ምግብ እያበሰለችና እያጸዳች ገንዘብ ታጠራቅምና፣ የቋጠረችው ሲበቃ ወደ ሜሪላንድ ተመልሳ ሰው ታወጣለች። በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ 13 ጊዜ ገደማ ተመላልሳ ወደ 70 የሚደርሱ ሰዎችን አውጥታለች፤ አንድም ሰው አልተያዘባትም። ሽማግሌ ወላጆቿንም በ1857 አወጣች። ብዙ ጊዜ የምትጓዘው ሌሊቱ በሚረዝምበት በክረምት ነበር። ከቤት መውጫውን ደግሞ ቅዳሜ ማታ ታደርገዋለች፤ የጠፋ ባሪያ ማስታወቂያ እስከ ሰኞ ጋዜጣ ላይ አይወጣምና።

በ1859 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኦበርን በምትባል ከተማ ዳር፣ የሴኔት አባል ከነበረው ከዊልያም ሲወርድ ሰባት ኤከር መሬት ከነቤቱ በ1,200 ዶላር በዱቤ ገዛች። ወላጆቿን እዚያ አስገባች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዕዳና ጧሪነት አብረዋት ኖሩ።

ወደ ደቡብ ካሮላይና

በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሰሜኑ ጦር በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ ያሉትን ደሴቶች ያዘ። ባለርስቶቹ ሸሹ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ባሪያዎቻቸው ግን ቀሩ። ሕዝቡ ነጻ ነው እንዳይባል ሕግ አልወጣም፤ ባሪያ ነው እንዳይባል ጌታ የለውም። የሚበላውና የሚለብሰው ያጣ፣ በበሽታ የሚያልቅ ሕዝብ ነበር። የማሳቹሴትስ ገዥ የነበረው ጆን አንድሩ ሐሪየት ወደዚያ እንድትሄድ አደረገ፤ በ1862 የጸደይ ወራት ቦፈርት ደረሰች።

መጀመሪያ የሠራችው የነርስነት ሥራ ነው። ሆስፒታሉ በተቅማጥና በፈንጣጣ በሽተኞች ተሞልቶ ነበር። ሐሪየት በልጅነቷ ከጫካና ከረግረግ የምታውቃቸውን ሥራሥሮች እየቀቀለች ታጠጣቸው፣ ቁስላቸውንም ታጥብ ነበር።

ከጦሩ ድርጎ ይሰጣት ጀመር። ነጻ የወጡት ሰዎች ግን እሷ ብቻዋን ከመንግሥት ስትቀበል ሲያዩ ቅር አላቸው። ሐሪየት ክርክር ውስጥ አልገባችም፤ ድርጎውን ተወችው። ቀን በሽተኛ ስታስታምም ውላ፣ ማታ ፓይና የዝንጅብል ኬክ ትጋግራለች፤ ከሥራሥር የሚዘጋጅ መጠጥ ትጠምቃለች። በማግስቱ ሰው ቀጥራ በወታደሮቹ ሰፈር ታሸጣለች። የኖረችው በዚህ ነው።

ለማኅበራችን አባላት በተለይ የማካፍለው ቀጥሎ ያለውን ነው። በጦርነቱ ዓመታት ሁሉ ከመንግሥት እጇ የገባው ገንዘብ 200 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። እሱንም ለራሷ አላደረገችውም፤ የልብስ ማጠቢያ ቤት አሠራችበት። ነጻ የወጡትን ሴቶች እዚያ ሰብስባ የወታደሮችን ልብስ በክፍያ እንዲያጥቡ አስተማረቻቸው። ሴቶቹ እስከዚያ ቀን ድረስ ለሠሩት ሥራ ዋጋ ተቀብለው አያውቁም። ሐሪየት ምጽዋት ብትሰጣቸው ገንዘቡ በሳምንት ባለቀ ነበር። ማጠቢያ ቤቱ ግን በገዛ እጃቸው ገቢ እንዲያገኙ መንገድ ከፈተላቸው። ዛሬ ለማኅበራችን የልብስ ስፌት መኪና ወይም የመነሻ ብድር የምትሰጡ ደጋፊዎች፣ እሷ ከ160 ዓመት በፊት የጀመረችውን ነው የምትሠሩት።

የኮምባሂ ወንዝ ሌሊት

ሐሪየት ከነርስነቱ ሌላ ሥራም ነበራት። የጦር አዛዦቹ ከጠላት መስመር ወዲያ ያለውን ማወቅ ይፈልጉ ነበር። ባሪያዎቹ ብዙ ያውቃሉ፤ ግን ለነጭ መኮንን አይናገሩም። ለሐሪየት ግን ተናገሩ፤ የአገሩ ሰዎች ቋንቋ ከእሷ የተለየ ስለነበር መጀመሪያ መግባባቱ አስቸግሯት ነበር። ስምንት ወይም ዘጠኝ የሚሆኑ፣ ወንዙንና ረግረጉን ጠንቅቀው የሚያውቁ ጥቁር ወንዶችን መርጣ የቃፊሮች ቡድን አቋቋመች። ፈንጂ የት እንደተቀበረ፣ ጠላት የት እንደሰፈረ፣ ሩዝና ጥጥ የት እንደተከማቸ በእነሱ በኩል አጣራች።

ሰኔ 1 ቀን 1863 ማታ ሦስት የጦር ጀልባዎች ከቦፈርት ተነሡ። የጫኑት ወደ 300 የሚሆኑ ወታደሮችን ሲሆን አብዛኞቹ ነጻ የወጡ ጥቁሮች ነበሩ። አዛዡ ኮሎኔል ጀምስ ሞንትጎመሪ ነው፤ መረጃውን ያጠናቀረችውና ቃፊሮቹን ይዛ የመራችው ግን ሐሪየት ናት። አንደኛው ጀልባ ገና በጉዞው መጀመሪያ አሸዋ ይዞት ቀረ። ሁለቱ ኮምባሂ የተባለውን ወንዝ ይዘው ፈንጂዎቹን እየሸሹ በጨለማ ገቡ።

ሲነጋ ወታደሮቹ ወርደው የሩዝ እርሻዎቹን መጋዘኖችና ድልድዩን አቃጠሉ። የጀልባዎቹ ፊሽካ ሲሰማ በማሳው ላይ የነበረው ሕዝብ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ለማዳን የመጡ መሆናቸውን ሲረዳ ግን ወደ ወንዙ ጎረፈ። ሐሪየት ያየችውን በኋላ ስትተርክ ብዙ ያወራችው ስለ ሴቶቹ ነው። አንዷ ገና ከእሳት የወረደ፣ እንፋሎቱ የሚወጣ የሩዝ ድስት በራሷ ተሸክማለች፤ አንድ ልጅ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ከድስቱ እየዘገነ ይበላል። ሌሎቹ ልጆቻቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አሳማቸውን በከረጢት ይዘው፣ ዶሯቸውን አስረው ይሮጣሉ።

ትንንሾቹ ጀልባዎች ሁሉንም በአንዴ መጫን አልቻሉም። የቀሩት ጠርዙን ይዘው አንለቅም አሉ፤ የተተወ ተመልሶ ይያዛልና። ኮሎኔሉ ሐሪየት ሕዝቡን እንድታረጋጋ ለመናት። እሷም መዝሙር አወጣች። ሰዉ ሲቀበልና እጁን አንሥቶ ሲያጨበጭብ ጀልባዎቹ ተንቀሳቀሱ ተብሎ ይነገራል። በዚያች አንዲት ሌሊትና ጠዋት ከ700 በላይ ሰዎች ነጻ ወጡ። ከዘመቱት ወታደሮች አንድም አልሞተም። ከዳኑት ወንዶች መካከል ከመቶ የሚበልጡት ወዲያው ወታደር ሆኑ።

ሐሪየት የዚያን ዕለት አንዲትን ሴት ለመርዳት ሁለት አሳማ ተሸክማ ስትሮጥ ረጅም ቀሚሷን ረግጣ ወደቀች፤ ቀሚሱም ተቦጫጨቀ። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ለቦስተን ወዳጆቿ ደብዳቤ አስጻፈችና፣ ለዘመቻ የሚሆን ከሥሩ ሱሪ ያለው አጭር ቀሚስ እንዲልኩላት ጠየቀች። ሌላ ሽልማት አልጠየቀችም።

ሁለት ወር ሳይሞላ የጥቁሮች ክፍለ ጦር የሆነው 54ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት የዋግነርን ምሽግ ለመያዝ ተዋግቶ ብዙ ሰው አለቀበት። ሐሪየት ከቁስለኞቹ ጋር ነበረች። የሞቱትን ለመቅበር ረድታለች፤ የቆሰሉትን አስታምማለች። በ1865 ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ በፎርት ሞንሮ ሆስፒታል አገለገለች። የጥቁር ወታደሮች አያያዝ መጥፎ መሆኑን ስታይ እስከ ዋሽንግተን ድረስ ሄዳ ለባለሥልጣናት አቤት አለች።

ወደ ቤት መመለስ

ጦርነቱ አበቃ። በ1865 መኸር ሐሪየት የጦር ሠራተኛ የሚያገኘውን የቅናሽ ትኬት ይዛ ባቡር ተሳፈረች። ትኬት ተቆጣጣሪው አንዲት ጥቁር ሴት ይህን ትኬት በሕጋዊ መንገድ ልታገኝ አትችልም ብሎ ከወንበሯ እንድትነሣ አዘዛት። አልነሣም አለች። ሰዎች ጠርቶ በጉልበት ጎትተው አወጧት፤ ክንዷ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ ወደ ጓዝ መጫኛ ፉርጎ ወረወሯት፤ ኦበርን ድረስ የተጓዘችው እዚያ ሆና ነው። ከጠላት ጥይት ተርፋ ስትመለስ የቆሰለችው ስታገለግለው በኖረችው ወገን አገር ነው።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ክንዷ አይሠራም። በቤቷ ሽማግሌ አባትና እናቷ አሉ፤ ሌሎች ወላጅና ቤት የሌላቸውም ተጠግተዋታል። ማገዶ የለም፣ የቤቱ ዕዳ አልተከፈለም። ክንዷ ሲሻላት አትክልት ተክላ፣ አሳማ አርብታ፣ ቤት አከራይታ ኖረች። በ1869 ኔልሰን ዴቪስ የተባለ የቀድሞ ወታደር አገባች፤ ከእሷ ከ20 ዓመት በላይ የሚያንስና በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ነበር። ጡብ እየሠሩ ኖሩ፤ በ1874ም ጌርቲ የምትባል ሕፃን ልጅ በጉዲፈቻ ወሰዱ።

የ34 ዓመት ደጅ ጥናት

ሐሪየት ላገለገለችበት እንድትከፈል የጠየቀችው ገና በ1865 ነው። ችግሩ በጦሩ መዝገብ ላይ ስሟ እንደ ወታደር አለመጻፉ ነበር። ሴት ነርስ ትባላለች፣ አብሳይ ትባላለች እንጂ የቃፊሮች አለቃ የሚባል ቦታ ለሴት አልነበረም። የያዘችው የጄኔራሎች የይለፍ ወረቀቶችንና የምስክርነት ደብዳቤዎችን ነው። ሲወርድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ደገፋት፤ ጄኔራሎችም መሰከሩላት። በ1868 ቻርልስ ዉድ የሚባል የኦበርን ሰው ወረቀቶቿን ሰብስቦ ማስረጃ አዘጋጀላት። አልተሳካም።

በ1869 ሣራ ብራድፎርድ የምትባል ጸሐፊ የሐሪየትን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣች። ከሽያጩ የተገኘው ወደ 1,200 ዶላር የቤቱን ዕዳ አቃለለላት። በ1874 የተወካዮች ምክር ቤት 2,000 ዶላር እንዲከፈላት የቀረበውን ሕግ አጸደቀ፤ ሴኔቱ ግን ጣለው።

ባለቤቷ በ1888 ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለወታደር ሚስቶች ጡረታ የሚሰጥ ሕግ ወጣና አመለከተች። አሁንም የወረቀት ጣጣ መጣ። ኔልሰን የተመዘገበው በሌላ የቤተሰብ ስም ስለነበር ያው ሰው መሆኑን አስረጂ ተባለች። በባርነት ዘመን የነበራት የመጀመሪያ ባሏ መሞቱንም አስረጂ ተባለች። ምስክር ስትቆጥር አምስት ዓመት አለፈ። በ1895 በወር 8 ዶላር ተፈቀደላት፤ ለዘገየውም ወደ 500 ዶላር በአንድ ጊዜ ተሰጣት።

ልብ በሉ፤ ይህ ጡረታ የእሷ አልነበረም። የተሰጣት የወታደር ሚስት ስለነበረች ነው። እሷ ግን ለራሷ አገልግሎት መጠየቋን አላቆመችም። በ1898 በመሐላ ባቀረበችው ማመልከቻ፣ በነርስነት፣ በአብሳይነትና በቃፊሮች አዛዥነት ለሦስት ዓመት ላገለገለችበት 1,800 ዶላር ጠየቀች። በ1899 ጡረታዋ በወር 20 ዶላር እንዲሆን ምክር ቤቱ ወሰነ። 8ቱ በባለቤቷ፣ 12ቱ በነርስነቷ ነው። ቃፊርነቷ አሁንም አልተቆጠረም። ጥያቄው ከተጀመረ 34 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ዕድሜዋም ከ75 በላይ ነበር።

ዕዳ እያለባት የሠራችው መጦሪያ

ሐሪየት ይህን ሁሉ ዘመን ቤቷን ዘግታ አልተቀመጠችም። ጧሪ ቀባሪ ያጣ ሽማግሌ፣ አካሉ የጎደለ፣ ወላጅ የሞተበት ልጅ ሁሉ ይጠጋታል። የሚበላ ሲጠፋ ዘንቢሏን ይዛ ከጎረቤት ትለምናለች፤ ለራሷ ግን አትለምንም ነበር።

በ1896 በአጠገቧ ያለ 25 ኤከር መሬት ለሐራጅ ወጣ። ሐሪየት ገንዘብ ሳይኖራት ተጫርታ በ1,450 ዶላር አሸነፈች። ገንዘቡን ከባንክ ብድርና ከቤተ ክርስቲያን እርዳታ አሟላች። ዓላማዋ ለድኻ ጥቁር አረጋውያን መጦሪያ መክፈት ነበር። ዕዳው ሲከብዳት በ1903 መሬቱን ለቤተ ክርስቲያኗ አስረከበች፤ መጦሪያው በ1908 ተከፈተ። አስተዳዳሪዎቹ ግን መግባት የሚፈልግ ሁሉ 100 ዶላር ይክፈል የሚል ደንብ አወጡ። ይህ አላስደሰታትም። እሷ የምትፈልገው ምንም የሌለው ሰው እንዲገባ ነበርና ገንዘብ ያለው ብቻ የሚገባበት ቤት ምን ይሆናል ብላ ተከራከረች። ማኅበር የምናስተዳድር ሁሉ የአባልነት መዋጮ ስንወስን ልናስታውሰው የሚገባ ክርክር ነው።

በዚያው በ1896 የጥቁር ሴቶች ማኅበራት ብሔራዊ ኅብረት ለመመሥረት በዋሽንግተን ሲሰበሰቡ ሐሪየት ተገኝታለች። ከተሰበሰቡት ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሷ ነበረች፤ የጉባኤውን ትንሹን እንግዳ፣ የጋዜጠኛዋን የአይዳ ዌልስን ሕፃን ልጅ፣ አቅፋ ለጉባኤው ያቀረበችው እሷ ናት። ለሴቶች የመምረጥ መብትም በየስብሰባው ተናግራለች፤ መብቱ በሕገ መንግሥት ሲጸድቅ ግን በሕይወት አልነበረችም።

በ1911 አቅሟ ደክሞ ራሷ ወደሠራችው መጦሪያ ገባች። መጋቢት 10 ቀን 1913 በሳንባ ምች ዐረፈች። ኦበርን በሚገኘው ፎርት ሂል መቃብር በወታደራዊ ሥርዓት ተቀበረች። በሕይወት ሳለች መዝገቡ ወታደር ያላላትን ሴት፣ ሲቀብሯት እንደ ወታደር ሸኟት። በኅዳር 2024 ደግሞ የሜሪላንድ ግዛት የብሔራዊ ዘብ ጦር የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ሰጣት። ከሞተች 111 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ለእኛ ምን ይሁነን?

ማዕረጉ መልካም ነው፤ ለክብሯ ይገባል። ነገር ግን በዚያ በ1865 ክረምት ማገዶ አልገዛላትም። ክብር ዘግይቶ ቢመጣም ክብር ነው፤ ደመወዝ ግን በጊዜው ካልመጣ የሚጎዳው ቤትን ነው።

በአገራችን አባባል በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ሐሪየት መጻፍ አትችልም ነበር፤ ሆኖም የምስክር ደብዳቤዎቿን ጠብቃ በመያዟና ሊጽፉላት የሚችሉ ወዳጆች በማፍራቷ ዘግይቶም ቢሆን ጥቂቱን አገኘች። እኛ ዛሬ ሁላችን እጃችን ላይ ስልክ አለን። ሥራ ስትጀምሩ ውሉን ፎቶ አንሡ። የሠራችሁበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ጻፉ። የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ። ስማችሁ በፓስፖርትና በመዝገብ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ከአሁኑ አረጋግጡ፤ የኔልሰን ዴቪስ ሁለት ስም ሐሪየትን ምን ያህል እንዳጉላላት አይታችኋል። አብራችሁ የምትሠራ እህት ማንበብ ካስቸገራት፣ ቁጭ ብላችሁ ጻፉላት።

ሁለተኛው፣ ያ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ሐሪየት በዚያች 200 ዶላር ብቻዋን መጠቀም ትችል ነበር። እሷ ግን ሌሎች ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ገንዘብ እንዲይዙ አደረገችበት። እቁባችንና የብድር ሣጥናችን ለዚህ የቆሙ ናቸው።

ጊዜ ያላችሁ አባላት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ዶርቼስተር ሂዱ። ቸርች ክሪክ በሚባለው ቦታ በስሟ የተከፈተ የጎብኚዎች ማዕከል አለ፤ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ረግረጉንና ጫካውን ልጆቻችሁ ይዩት። ስለ ማምለጧ ሲነገራቸው፣ እናንተ ደግሞ ስለ ማጠቢያ ቤቱና ስለ 34 ዓመቱ ደጅ ጥናት ጨምሩላቸው።